ውስጡ ባዶ በሆነ ግድግዳ ላይ ከባድ ካቢኔት ስለ መስቀል

ግድግዳ ሁሉ ለዓይን አንድ ይመስላል። ቀለም ከተቀባ በኋላ ድንጋዩም፣ ብሎኬቱም፣ ጭቃውም፣ ጀሶውም አንድ መልክ ይዘው ስለሚታዩ፣ ወደ ቤቱ የገባ ሰው ከቀለሙ በስተጀርባ ምን እንዳለ አይጠይቅም። ሥዕል ወይም የቀን መቁጠሪያ ለሚሰቅል ሰው ይህን አለመጠየቁ ብዙ ጉዳት አያመጣበትም። ዳሩ ግን በሳህንና በድስት የተሞላ የማዕድ ቤት ካቢኔት፣ ወይም በመዝገብ የታጨቀ የቢሮ ሣጥን ከሰው ራስ በላይ ሊሰቅል የተነሣ ሰው፣ ትራፓኖውን ከመያዙ በፊት ግድግዳውን ማወቅ ግዴታው ነው። (ካቢኔት ስንል የሚኒስትሮችን ጉባኤ ማለታችን እንዳልሆነ በመንግሥት ሥራ ላይ የሚገኙት ወጣት አንባቢዎቻችን ይረዱልናል፤ የዚያኛው አወዳደቅ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ይህን ጉዳይ ዛሬ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአዲስ አበባ በሚሠሩት ፎቆች ውስጥ ክፍልን ከክፍል የሚለየው ግድግዳ፣ ሠራተኞቹ «ፓርቲሽን» የሚሉት፣ በቀጭን የላሜራ አጥንት ላይ የተለጠፈ የጀሶ ሰሌዳ ሆኖ መገኘቱ እየተለመደ መጥቷል። ቶሎ ይሠራል፤ ቀላል ነው፤ ሐሳብ ሲለወጥም ፈርሶ ሌላ ቦታ ይቆማል። በዚህ ምክንያት ትናንት ከብሎኬት ቤት የወጣ ሰው ዛሬ ወደ ጀሶ ቤት ሲገባ፣ የብሎኬቱን ልማድ ይዞ ይገባል። አደጋውም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሰሌዳው በገበያ «ጂብሰም ቦርድ» ይባላል። ጂብሰም የተባለውም ቃሉን ከጣልያኖች ወስደን ጀሶ ያልነው ማዕድን ነው፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርድ መንገደኛ በገደሉ ላይ ከሚታዩት የድንጋይ ዓይነቶች አንዱ ይኸው ጀሶ ነው። ኦገስቲን ሳኬት የተባለ አሜሪካዊ ጀሶንና ወረቀትን ደራርቦ በሠራው ሰሌዳ በ1894 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አግኝቷል። ዛሬ የምናየው ግን በሁለት ወፍራም ወረቀቶች መካከል የታሰረ፣ 12.5 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጀሶ ነው። ለእሳት መከላከያነቱ የሚመሰገን ነው፤ ከጀሶው ክብደት አንድ አምስተኛ ያህሉ በተፈጥሮ የተዋሐደው ውኃ ስለሆነ፣ እሳት ሲነካው ውኃው እየተነነ የእሳቱን ጉዞ ያዘገየዋል። ስለዚህ የጀሶን ሰሌዳ ለመክሰስ አልተነሣንም። ሸክም ተሸካሚ ሆኖ አልተፈጠረም ማለታችን ብቻ ነው።

የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው የፓርቲሽኑን አሠራር ለመረዳት አይቸግረውም። በጭቃ ቤት ቋሚው እንጨት በመሬት ይተከላል፤ ማገሩ በአግድም ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላ ጭድ የገባበት ጭቃ ይመረግበታል። በፓርቲሽኑም እንዲሁ፣ በወለሉና በጣራው ላይ የላሜራ መስመር ይታሰራል፤ በሁለቱ መስመሮች መካከል የላሜራ ቋሚዎች በየ40 ወይም በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ይቆማሉ፤ ሰሌዳውም በሁለቱ ወገን በቪት ይያያዛል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ይኸውም የጭቃው ቤት ማገር ሲኖረው፣ ፓርቲሽኑ ሠሪው አስቦ ካልጨመረለት በቀር ማገር የለውም። በአያቶቻችን ቤት ኮርቻ ወይም ጋሻ የሚሰቀልበት እንጨት ከቋሚው ወይም ከማገሩ ጋር የተያያዘ ነበር እንጂ፣ በምርጊቱ ላይ ብቻ የተሰካ አልነበረም። ምርጊት ነፋስን ይከለክላል፤ ኮርቻን ግን አይሸከምም። እኛ ደግሞ በከተማ ተቀምጠን ኮርቻውን በምርጊቱ ላይ እንሰቅላለን።

አንድ ወዳጃችን በሚሠራበት መሥሪያ ቤት የደረሰው ነገር ይህንኑ ያስረዳል። መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲስ ፎቅ በተዛወረ ጊዜ፣ ለመዝገብ ቤቱ ሁለት ረጃጅም ካቢኔቶች በፓርቲሽኑ ላይ ተሰቀሉ። ለአምስት ወር ያህል ምንም አልሆኑም። በስድስተኛው ወር ግን አንድ ሰኞ ጠዋት አንደኛው ካቢኔት ከነመዝገቡ ወረደ። ከሥሩ ጠረጴዛ የነበራት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ድምፁን ሰምታ ዘወር ስትል ክንዷን መታት፤ አጥንቷም ተሰብሮ ሁለት ወር ከሥራ ቀረች። ወዳጃችን እንደ ነገረን፣ ግድግዳው ላይ የቀሩት አራት የተቦደሱ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው፤ ፊሸሮቹ ቪታቸውን እንደ ነከሱ፣ በነጭ ዱቄት ተለውሰው ከካቢኔቱ ጀርባ ጋር ተገኙ። ማሰሪያዎቹ አልተሰበሩም፤ ጀሶው ነው የለቀቃቸው።

ስለ ፊሸር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የብረታ ብረት ነጋዴው «ስምንት ቁጥር ፊሸር ልስጥህ?» ሲል የአንድ ሰው ስም መጥራቱን ላያውቅ ይችላል። አርቱር ፊሸር የተባለው ጀርመናዊ ይህን የፕላስቲክ መሰኪያ በ1958 እ.ኤ.አ. ፈጠረ፤ ከአንድ ሺህ በላይ የፈጠራ መብቶች አስመዝግቦም በ2016 እ.ኤ.አ. በ96 ዓመቱ ዐረፈ። የመሰኪያው ብልሃት ቪቱ ሲገባ ጎኑ መስፋቱና የቀዳዳውን ዙሪያ መግፋቱ ነው። አርማታና ድንጋይ ሲገፉ መልሰው ይገፋሉ፤ በዚህም ፊሸሩ ይጨነቅና ይያዛል። 12.5 ሚሊ ሜትር ጀሶ ግን ሲገፉት ይፈረፈራል፤ ከኋላውም አየር እንጂ ሌላ ነገር የለም። ስለዚህ ጥፋቱ የፊሸሩ አይደለም፤ ከማያውቀው አገር ወስደን የሾምነው እኛ ነን።

አሁን ደግሞ ክብደቱን እንመርምር። አንድ የማዕድ ቤት ካቢኔት ስፋቱ 90፣ ቁመቱ 70፣ ጥልቀቱ 32 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። በ18 ሚሊ ሜትር ቺፕውድ ከተሠራ ባዶውን 25 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 35 ኪሎ ሳህንና ብርጭቆ ቢገባበት 60 ኪሎ ይሆናል። ይህ 60 ኪሎ ወደ ታች እንደሚስብ ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያስበው ግን ወደ ውጪ የሚነቅለውን ኃይል ነው። የካቢኔቱ ክብደት መካከል ከግድግዳው 16 ሳንቲ ሜትር ርቆ ስለሚገኝ፣ ካቢኔቱ የታችኛውን ጠርዝ እንደ ማጠፊያ ይዞ ከላይ ወደ ፊት ለመገልበጥ ይታገላል። የላይኛው ማሰሪያ ከታችኛው ጠርዝ 64 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ 60ን በ16 አባዝተን ለ64 ብናካፍለው 15 ይወጣል። በላይኛው ማሰሪያ ላይ ሌት ተቀን ያለ ዕረፍት 15 ኪሎ የሚነቅል ኃይል አለ ማለት ነው። ካቢኔቱ አጭር ሆኖ ማሰሪያው ከታችኛው ጠርዝ 32 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢርቅስ? ያው ክብደት 30 ኪሎ ሆኖ ይነቅላል። እንግዲህ አጭርና ጥልቅ ካቢኔት ከረጅሙ ይልቅ አስጊ መሆኑን በትምህርት ቤት የተማርናት የማንሻ ሕግ ትነግረናለች። በዚህ ላይ በሩ ሲከፈት ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከፍ ያለ ዕቃ ለማውረድ የሚንጠራራ ሰው እጁን ያሳርፍበታል፤ ልጅ ያለበት ቤት ከሆነም ልጁ አንድ ቀን ሊንጠለጠልበት ይችላል።

ጀርመኖች ለእንዲህ ያለው ቀላል ግድግዳ ባወጡት ደንብ፣ በማንኛውም ቦታ ሊሰቀል የሚፈቀደው ሸክም በግድግዳው ርዝመት በአንድ ሜትር 40 ኪሎ ያህል ነው። እስከ 70 ኪሎ ለማድረስ ሰሌዳው ቢያንስ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው ይጠይቃሉ። ከዚያ በላይ፣ እስከ 150 ኪሎ ድረስ፣ በግድግዳው ውስጥ ሸክሙን የሚቀበል አግዳሚ መኖር አለበት። ከላይ ያሰላነው የ60 ኪሎ ካቢኔት ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በአንድ ሜትር ወደ 67 ኪሎ ይጠጋል። ተራው ነጠላ ሰሌዳ ለእሱ እንደማይበቃ ከዚሁ ይታያል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ቋሚውን መፈለግ ነው። ለዚህ የተሠራ መሣሪያ ይሸጣል፤ ዳሩ ግን በክር የታሰረች ትንሽ ማግኔትም ትበቃለች። ማግኔቷን በግድግዳው ላይ ቀስ ብለው ሲያንሸራትቷት፣ ሰሌዳውን የያዙት ቪቶች ካሉበት ስትደርስ ትያዛለች። የተያዘችባቸው ነጥቦች ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብለው ከተሰለፉ ቋሚው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ካቢኔቱ በሚሸፍነው ቦታ ላይ በቀጭን ፑንታ መብሳትና ማረጋገጥ ይገባል። ከነጩ ዱቄት በኋላ የሚያብለጨልጭ የብረት ፍቅፋቂ ከወጣ ቋሚው ተገኝቷል። (በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ፈተና ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። በዚያ አገር ዝቅተኛ ቤቶች ብዙውን ጊዜ የእንጨት ቋሚ ሲኖራቸው፣ በረጃጅም ፎቆች ውስጥ ያሉት ግን በብዛት የብረት ናቸው፤ ማግኔቷ በሁለቱም ላይ ትያዛለች፤ የሚለያቸው ከፑንታው ጋር የሚወጣው ነገር ነው።) ከመብሳት በፊት መብራቱን ከቆጣሪው ማጥፋት እንዳይረሳ። የኤሌክትሪክ ሽቦ በቋሚዎቹ ቀዳዳ ውስጥ በአግድም፣ ከሶኬትና ከማብሪያ በላይ ደግሞ በቁም ያልፋል።

ቋሚው ከተገኘ በኋላ ሁለተኛው ስሕተት ይመጣል። ላሜራው ውፍረቱ ለተራ ፓርቲሽን ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የቪት ጥርስ ደግሞ ከአንዱ ጥርስ እስከ ሌላው ያለው ርቀት ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ ቪቱ ምንም ያህል ረጅም ቢሆን ላሜራውን የሚነክሰው ከአንድ ጥርስ በማይበልጥ ነው። አንድ ሽማግሌ አናጢ ሲሠሩ ቆመን እያየን ሳለ «ጋሼ፣ ቪቱን ትንሽ ይበልጥ ቢያጠብቁት አይሻልም?» ብንላቸው፣ ካቻቢቴውን ሳያነሡ «የለም ልጄ፣ ላሜራ እንደ እንጨት ጠልቆ አይነክስም። ጠበቀ ብለህ ደስ ስትሰኝ ያን ጊዜ ለቋል» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ቪቱ አንዴ በባዶው ከዞረ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ቢያጠብቁት አይመለስም። ጥቁሩ የጂብሰም ቪት ከነጭራሹ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጠንካራ ቢመስልም ደረቅ ስለሆነ፣ ከባድ ነገር ሲጫነው ሳይጎብጥ አንገቱ ላይ ይቀነጠሳል።

ከቪቱ የሚሻለው፣ ከኋላው ክንፍ ያለው ብሎን ነው። ሰሌዳውና የቋሚው ፊት አብረው ይበሳሉ፤ ክንፉ ተጣጥፎ ይገባና ከላሜራው በስተጀርባ ይዘረጋል። አሁን ካቢኔቱን የሚይዘው የአንድ ጥርስ ንክሻ ሳይሆን፣ ከኋላ ተኝቶ ላሜራውን ወደ ፊት የሚጫን የብረት ቁራጭ ነው። ለካቢኔት የሚያገለግለው ብሎን 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ሲኖረው፣ ቀዳዳው ክንፉን ለማሳለፍ ከዚህ በጣም መስፋት አለበት፤ ልኩ በማሸጊያው ላይ ይጻፋል። ቀዳዳው በቋሚው ፊት መካከል እንጂ በጠርዙ ላይ አይሁን፤ ክንፉም በቋሚው ርዝመት ወደ ላይና ወደ ታች እንዲዘረጋ ይደረግ። ክንፉ በጸደይ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ፣ ብሎኑ መጀመሪያ በካቢኔቱ በኩል ማለፍ አለበት፤ በኋላ ሙሉ በሙሉ ከተፈታ ክንፉ በግድግዳው ውስጥ ወድቆ ይቀራልና። በካቢኔቱም በኩል ጥንቃቄ ያሻል። የብዙ ካቢኔት ጀርባ 3 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ስስ ሰሌዳ ስለሆነ፣ ብሎኑ በወፍራሙ መስቀያ እንጨት በኩል ሰፊ ሮንዴላ ተደርጎለት ማለፍ አለበት። አለዚያ ግድግዳው ይዞ ካቢኔቱ ራሱ ይቀደዳል።

ዳሩ ግን ዋናው ችግር ገና አልተፈታም። ቋሚዎቹ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ከቆሙና ካቢኔቱም 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ አንድ ቋሚ ብቻ የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ግድግዳውን የሠራው ሰው የካቢኔቱን ልክ አያውቅም፤ ካቢኔቱን የሠራውም ግድግዳውን አላየም። እዚህ ላይ ነው የጭቃው ቤት ማገር የሚናፍቀን።

ማገሩን በሁለት መንገድ ማስገባት ይቻላል። ቀላሉ ከውጪ ነው፤ ከግድግዳው ዳር እስከ ዳር የብረት ሐዲድ ወይም ወፍራም የኮምፔንሳቶ ጣውላ ይታሰርና በየቋሚው ላይ በብሎን ይጠበቃል፤ ካቢኔቶቹም በሐዲዱ ላይ ይንጠለጠላሉ። ክብደቱ ለሁሉም ቋሚዎች ስለሚከፋፈል፣ ካቢኔቱ ከቋሚው ጋር ገጠመ አልገጠመ የሚለው ጭንቀት ይቀራል። ጣውላው ለሁለት በሰያፍ ተሰንጥቆ አንዱ በግድግዳው፣ ሌላው በካቢኔቱ ጀርባ ከታሰረና አንዱ በሌላው ላይ ከተቀመጠም ሥራው ያው ነው። እኛ የምናደንቀው ግን የውስጡን ማገር ነው። ሰሌዳው ከመዘጋቱ በፊት፣ ካቢኔቱ በሚሰቀልበት ከፍታ ላይ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ወይም ሰፊ የላሜራ ጥብጣብ ከቋሚ ቋሚ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ካቢኔቱን የትም ቦታ መስቀል ይቻላል። ግድግዳው ከተዘጋ በኋላም ቢሆን ተስፋ አይቆረጥም፤ ካቢኔቱ በሚሸፍነው ቦታ ላይ ሰሌዳውን በጥብጣብ መልክ ቆርጦ ማገሩን ማስገባትና መልሶ መድፈን ይቻላል። ድፍኑን ካቢኔቱ ስለሚሸፍነው የቀለም ወጪ እንኳ የለውም። ግድግዳው ለእሳት መከላከያ ተብሎ የተሠራ ከሆነ ግን ያለ ባለሙያ አይቆረጥም።

አንድ ጊዜም ቢሆን «አይሆንም» ማለት የሚገባበት ቦታ አለ። አንዳንድ ፓርቲሽን ከላይ እስከ አርማታው አይደርስም፤ ከተንጠለጠለው የጌጥ ኮርኒስ ሥር ይቆማል። እንዲህ ያለውን ግድግዳ በመዳፍ ገፋ ሲያደርጉት ይወዛወዛል። ብሎኑ ምንም ቢጠነክር፣ ራሱ ግድግዳው ካልታሰረ ካቢኔቱን ከእነ ግድግዳው ማውረድ ነው። በዚያ ቦታ ከወለል የሚነሣ ቁም ሣጥን ማቆም ይሻላል፤ ክፍሉ ቢጠብም ይጥበብ።

ግድግዳ ሁልጊዜ ጸጥ ብሎ የሚቆም አለመሆኑንም የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የምድር መንቀጥቀጥ በተደጋገመ ጊዜ፣ ንዝረቱ እዚህ ድረስ ተሰምቶ በፎቅ የሚኖሩ ሰዎች በሌሊት ወደ ደጅ ወጥተዋል። ፎቅ ሲወዛወዝ ቀላሉ ፓርቲሽን አብሮ ይወዛወዛል፤ ከባዱ ካቢኔት ግን በክብደቱ ምክንያት ወዲያው አይከተለውም፤ በመካከላቸው የሚጎተተው ማሰሪያው ነው። ከአልጋ ራስጌና ከልጆች መኝታ በላይ ከባድ ነገር አለመስቀል ለዚህ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ ፎቅ የሚረከቡት፣ በርክክቡም ሰነድ ላይ የሚፈርሙት ብዙ ጊዜ እንደ እኛ ያሉ ወጣቶች ናቸው። ቀለሙን አይተው፣ በሩን ከፍተው ዘግተው፣ አምፖሉን ቆጥረው ይፈርማሉ። እኛ የምንለው፣ ሰሌዳው ከመዘጋቱ አስቀድሞ አንድ ቀን ወደ ሥራው ቦታ ይሂዱ። ቋሚዎቹ በየስንት ሳንቲ ሜትር እንደ ቆሙ በሜትሮ ይለኩ፤ ካቢኔት በሚሰቀልበት ቦታ ሁሉ ማገር እንዲገባ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ሜትሮው በግድግዳው ላይ ተዘርግቶ እንደሚታይ አድርገው በስልካቸው ፎቶግራፍ ያንሡና ከርክክቡ ሰነድ ጋር ያያይዙት። የአንድ ጥብጣብ ኮምፔንሳቶ ዋጋ ከአንድ ክንድ ሕክምና ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ከአምስት ዓመት በኋላ ወንበሩን የሚረከበው ሰው ግድግዳውን በማግኔት ከመዳሰስ ይድናል።

ካቢኔቱ በውኃ ልክ ተስተካክሎ ከተሰቀለ በኋላ ሳህኑን በዚያው ቀን መሙላት አይገባም። በላይኛው ጠርዝ በኩል በግድግዳው ላይ በእርሳስ ቀጭን መስመር ይሰመር፤ በካቢኔቱ ጀርባና በግድግዳው መካከልም ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለመኖሩ ይታይ። ዕቃው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተባለ ይግባ፤ ከባዱ ከታችኛው መደርደሪያ፣ ቀላሉ ከላይ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ጠርዙ ከመስመሩ ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ ወይም አስቀድሞ ያልገባው ወረቀት ከላይ በኩል ከገባ፣ ሳህኑን በሙሉ አውርዶ ሠራተኛውን መልሶ መጥራት ነው።